ኒው ኦርሊንስ ስትሄዱ ምን ይበላል፣ የት ይጠጣል? ሀበሻ ደጋግሞ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

ከሂዩስተን፣ ከዳላስ፣ ከአትላንታ ለሎንግ ዊኬንድ ኒው ኦርሊንስ የሚሄድ ሀበሻ በጣም ብዙ ነው። አንዳንዱ ለኤሰንስ ፌስቲቫል፣ አንዳንዱ ለማርዲ ግራ (የካርኒቫል በዓላቸው ነው)፣ ሌላው ኮንፈረንስ አለብኝ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ከመሄዱ በፊት የሚጠይቀው ግን ያው ነው፣ ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ልጻፈውና ሊንኩን ልላክ ብዬ ነው። ከተማው ለሆዱ የሚኖር ከተማ ነው፣ ቁርስ እየበሉ ስለ ምሳ የሚያወሩ ሰዎች ናቸው። ግን የምግቡን ስም ብቻ አይታችሁ ካዘዛችሁ ያላሰባችሁት ነገር ሳህን ላይ ይመጣል።

አሳማ አልበላም፣ ሽሪምፕና ሸርጣንም አልበላም። እዛ ሄጄ ጾሜን ልውል ነው?

አይ፣ ትበላለህ፣ ግን መጠየቅ ግዴታ ነው። ችግሩ አሳማው እንደ ስጋ ሳይሆን እንደ ማጣፈጫ ነው የሚገባው። ጎመኑ ውስጥ የታጨሰ የአሳማ አጥንት አለ፣ ቀይ ባቄላው (ሬድ ቢንስ) ውስጥ ቋሊማ ወይ ሃም አለ፣ ጃምባላያው (ከስጋ ጋር የሚበስል ሩዝ) ውስጥ አንዱዊ የሚባለው የታጨሰ ቋሊማ አለ፣ እሱም አሳማ ነው። አስተናጋጇን «ስጋ አለው ወይ?» ካላችኋት «የለውም» ልትል ትችላለች፣ ለሷ አጥንቱ ስጋ አይደለማ። ስለዚህ «ለማጣፈጫም ቢሆን አሳማ ገብቶበታል? ሾርባው የምንድነው?» ብላችሁ ነው መጠየቅ ያለባችሁ። አይደብራቸውም፣ እንዲያውም ስለ ምግብ ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል፣ ኩሽና ገብተው ጠይቀው ይመጣሉ።

የሚበላው ምንድነው ካላችሁ፣ የተጠበሰ ዶሮ አለ፣ ሮስት ቢፍ ፖቦይ የሚባል ሳንድዊች አለ (ግሬቪውን ጠይቁ)፣ ቅርፊት ያላቸው አሳዎች አሉ፣ ሬድፊሽ፣ ትራውት፣ ድረም፣ ስናፐር። ትራውት አማንዲን ሚባለው በቅቤና በለውዝ አይነት ፍሬ (አልመንድ) የሚሰራው በጣም አሪፍ ነው። ብላክንድ ሬድፊሽ ደግሞ አሳው ቅቤ ተነክሮ፣ ቅመም ለብሶ፣ ጭስ እስኪያወጣ የጋለ የብረት ምጣድ ላይ የሚጣል ነው፣ ሼፍ ፖል ፕሩዶም ነው ያስነሳው፣ በ1980ዎቹ አገር ምድሩ ሬድፊሽ ሬድፊሽ ሲል አሳው እንዳያልቅ ማጥመዱን እስከመገደብ ተደርሷል። ካትፊሽ ግን አምባዛ ነው፣ ቅርፊት የለውም፣ ይሄን ለሚጠነቀቁ ነው የምናገረው፣ ምክንያቱም ሜኑ ላይ «ፍራይድ ፊሽ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ አብዛኛውን ጊዜ ካትፊሽ ነው።

አንድ ሌላ ነገር፣ ዶሮውና ሽሪምፑ አንድ ዘይት ውስጥ የሚጠበስበት ቤት አለ። ለዚህ ግድ የሚላችሁ ከሆነ ይሄንንም ጠይቁ።

ጉምቦ ሚባለው ምንድነው? ሁሉም ሰው ጉምቦ ጉምቦ ይላል

ወፈር ያለ ሾርባ ነው፣ ሩዝ ላይ የሚፈስ። የሚጀምረው ሩ ከሚሉት ነገር ነው፣ ዱቄትና ዘይት ብቻ፣ ቀስ ባለ እሳት ላይ ሳያቋርጡ ማማሰል፣ መጀመሪያ ነጭ ነው፣ ከዛ ለውዝ ይመስላል፣ ከዛ እየጠቆረ ሄዶ የቸኮሌት መልክ ሲይዝና ሽታው የተቆላ ነገር ሲሆን ነው ደረሰ ሚባለው። ልክ እንደ ቁሌት ነው፣ ስልክ ላንሳ ብሎ ዞር ያለ ሰው አሳረረው ማለት ነው፣ ካረረ ደግሞ መድፋት እንጂ መፍትሄ የለውም። ከዛ ሽንኩርት፣ ሰለሪ፣ የፈረንጅ ቃሪያ ይገባል፣ ሶስቱን አንድ ላይ «ቅድስት ሥላሴ» ነው የሚሏቸው (እኔ አይደለሁም ያልኩት)። ከዛ በኋላ እንደየቤቱ ነው፣ ዶሮና ቋሊማ፣ ወይም ሽሪምፕ፣ ሸርጣን፣ ኦይስተር። አንዳንዱ ቤት በባሚያ ያወፍረዋል፣ ሌላው ፊሌ በሚባል ዱቄት፣ ከሳሳፍራስ ቅጠል የሚፈጭ፣ ቾክቶ ከሚባሉት ነባር ሕዝቦች የተማሩት ነው። ባሚያው ከአፍሪካ፣ ሩው ከፈረንሳይ፣ ቅጠሉ ከነባሩ ሕዝብ፣ ከተማው ራሱ እንደዛ ነው።

ለኛ ሰው ጉምቦ ከሁሉም ከባዱ ነው፣ የዶሮ ጉምቦ የተባለውም ቋሊማ ይገባበታልና። «ጉምቦ ዜርብ» የሚባል ደግሞ አለ፣ ጎመንና ቅጠላ ቅጠል ነው፣ አረንጓዴ። ስሙን አይታችሁ የጾም መስሏችሁ እንዳትሸወዱ፣ ዱኪ ቼዝ የሚባለው ምግብ ቤት በጸሎተ ሐሙስ የሚያቀርበው ጉምቦ ዜርብ ውስጥ የስጋ አይነት ተደርድሯል። የነሱ ሐሳብ ዓርብ ስቅለት ከመግባቱ በፊት እንጥገብ ነው። ቪጋን ጉምቦ የሚሰሩ ቤቶች ግን አሉ፣ ቪጋን ብላችሁ ሰርች አድርጉ።

ዱኪ ቼዝ ያላችሁት ቤት መሄድ አለብኝ?

አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ እሱን ነው የምመርጠው፣ ለምግቡም ለታሪኩም። ትሬሜ ሰፈር ኦርሊንስ አቬኑ ላይ ነው፣ ከ1941 ጀምሮ ያለ ቤት። በዘር መለያየት ዘመን ጥቁርና ነጭ አብሮ መብላት በሕግ ክልክል በነበረበት ሰዓት የሲቪል መብት ታጋዮቹ ፎቁ ላይ እየተሰበሰቡ እየበሉ ይመክሩ ነበር፣ ፖሊስ ደግሞ ገብቶ ሊበትናቸው አይደፍርም፣ ሰፈሩ ሁሉ ይነሳበታል። ካትሪና የሚባለው አውሎ ነፋስ በ2005 ቤቱን ውሃ ሞላው፣ ሁለት አመት ተዘግቶ በ2007 ተከፈተ። ወጥ ቤቱን በሙሉ እድሜያቸው የመሩት ሊያ ቼዝ በ2019 በ96 አመታቸው ነው ያረፉት፣ የክሪዮል ምግብ ንግሥት ነበር የሚሏቸው።

ኦባማ እዛ ሄዶ ሳይቀምስ ጉምቦው ላይ ሆት ሶስ ጨመረበት፣ እማማ ሊያም እጁን መታ አድርገው ጉምቦዬ ላይ ሆት ሶስ አይጨመርም አሉት። ስለዚህ ሚጥሚጣችሁን ከቦርሳ ከማውጣታችሁ በፊት ቅመሱ።

እዛ የተጠበሰ ዶሮው አሪፍ ነው፣ አሳማ ለማይበላ ቀላሉ ምርጫ እሱ ነው። ልብስ ደግሞ ትንሽ ዘነጥ በሉ፣ የቤተሰብ ቤት ነው፣ በቁምጣ ባትሄዱ ይሻላል። ሪዘርቬሽን ቀድማችሁ ያዙ።

ዶሮ ካልን ዊሊ ሜይስ ሚባል ሌላ ቤት አለ። ድሮ የነበረበት ትሬሜ ያለው ቤት በ2023 እሳት ደርሶበት ነበር፣ አሁን ዳውንታውን ባሮን ስትሪት ላይ ነው። ሊጡ ቀጭን ሆኖ ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ደግሞ እርጥብ ነው። ሁለቱን ቤቶች የማወዳደር ክርክር እዛ አገር የፖለቲካ ያህል ነው፣ እኔ አልገባበትም።

ካፌ ዱ ሞንድ ለኛ ለቡና ሰዎች ይመከራል?

ለቡናው ከሆነ እንደ ሰው ነው፣ ለቤኜው ግን ሂዱ። ከ1862 ጀምሮ ፍሬንች ማርኬት ጥግ ላይ ያለ ቤት ነው። ቤኜ አራት ማዕዘን የሆነ ፓስቲ በሉት፣ ሶስት ሶስት ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ላዩ ላይ የዱቄት ስኳር ተራራ ተጭኖበት። ጥቁር ልብስ አትልበሱ። ስትነክሱ አትሳቁ፣ አትተንፍሱም፣ ዱቄቱ ጉሮሮ ውስጥ ይገባና ጠረጴዛው ሁሉ ሲያስል ታያላችሁ፣ ከፊት ያለው ሰው ደግሞ ነጭ ሆኖ ይነሳል። ሊጡ ወተት አለበት፣ ስለዚህ በጾም አይሆንም።

ቡናው ቺኮሪ የተቀላቀለበት ነው፣ የተቆላ የተክል ስር ማለት ነው። ፈረንሳዮቹ ያመጡት ልማድ ነው፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ወደቡ ተዘግቶ ቡና ሲጠፋ ደግሞ ቺኮሪው ጨመረ፣ ቡናው ሲመለስም ሰዉ ጣዕሙን ለምዶት ቀረ። ግማሽ በግማሽ ትኩስ ወተት ይደረግበታል። መራራ፣ ወፍራም፣ ትንሽ የአፈር ነገር አለው። ይርጋጨፌ ጠጥታችሁ ላደጋችሁ ሰዎች ብዙ አልዋሽም፣ ግን ከስኳሩ ጋር ሲሄድ ምክንያቱ ይገባችኋል።

ሰልፉ ረጅም ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት በተለይ። መላው ሁለት ነው፣ ወይ ማታ አመሻሽተው መሄድ፣ ወይ ሲቲ ፓርክ ያለውን ቅርንጫፍ መሄድ፣ ፓርኪንጉም ይገኛል፣ ለልጆችም ሜዳ አለ። ካሽ ያዙ።

ፖቦይ ምንድነው፣ ከሌላ ሳንድዊች በምን ይለያል?

በዳቦው። ላዩ እንደ እንቁላል ቅርፊት የሚሰበር፣ ውስጡ እንደ ጥጥ የሆነ ረጅም የፈረንሳይ ዳቦ ነው፣ ከተማው አየሩ እርጥብ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚወጣው ይላሉ። የታሪኩ መነሻ በ1929 የስትሪትካር ሰራተኞች አድማ ሲመቱ የማርቲን ወንድማማቾች፣ ራሳቸው ድሮ የስትሪትካር ሰራተኛ የነበሩ፣ ለአድመኞቹ በነጻ ሳንድዊች እናበላለን ማለታቸው ነው። ያኔ ድንችና የስጋ መረቅ የገባበት ርካሹ አይነት ነበር።

ስታዙ «ድረስድ?» ብለው ይጠይቋችኋል፣ ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ፒክልና ማዮኔዝ ይጨመርበት ወይ ማለት ነው። ሽሪምፕና ኦይስተር ለሚበላ የተጠበሰው ነው ታዋቂው፣ ለማይበላ ሮስት ቢፍ። ሮስት ቢፉ ስጋው እስኪበጣጠስ የበሰለ፣ መረቁ ክርን ድረስ የሚወርድ ነው፣ ናፕኪን ብዙ ውሰዱ። ሚድ ሲቲ ያለው ፓርክዌይ ቤከሪ፣ ከ1911 ያለ ቤት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ጥሩ ነው። አንድ ሙሉ ለሁለት ሰው ይበቃል።

ሙፉሌታ የሚባለውን ክብ ሳንድዊች ደግሞ እለፉት አሳማ ካልበላችሁ፣ ሃም፣ ሳላሚ፣ ሞርታዴላ ነው ሙሉው።

ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ፣ ምን ልብላ?

ይሄ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣል። መጀመሪያ ያላሰባችሁት፣ የድንች ጥብስ ፖቦይ አለ። አዎ፣ ዳቦ ውስጥ የድንች ጥብስ። «ግሬቪ አልፈልግም፣ ማዮኔዝ አልፈልግም» በሉና ቲማቲሙን፣ ፒክሉን፣ ሆት ሶሱን አስጨምሩ፣ ርካሽ ነው፣ ያጠግባል፣ በተለይ ሲርባችሁ። ዳቦው ምን እንደገባበት የሚጠነቀቅ ሰው ዳቦውንም ይጠይቅ።

ሁለተኛ የቬትናሞች ቤት ነው። ከ1975 በኋላ በጣም ብዙ ቬትናማውያን እዛ ሰፍረዋል፣ ኒው ኦርሊንስ ኢስት ሚባለው አካባቢ። ዶንግ ፉንግ የሚባለው ዳቦ ቤት ከተማው ሁሉ የሚሰለፍበት ነው፣ ቶፉ ያለው ባን ሚ (የቬትናም ሳንድዊች) ያለ ማዮኔዝ ይሰራሉ። ትንሽ ራቅ ይላል፣ መኪና ይፈልጋል። ሶስተኛ የዓረብ ቤቶች፣ ካሮልተን ላይ እንደ ሌባኖንስ ካፌ ያሉ፣ ፈላፍል፣ ሁሙስ፣ ሙጀደራ (ምስር በሩዝ)። ሙስሊም ወንድምና እህቶችም እነዚህ ቤቶች ይመቿችኋል፣ ስጋው ሀላል መሆኑን ግን እየጠየቃችሁ።

ከዛ ደግሞ ስኖቦል! በረዶ በጣም ተልጎ እንደ ዱቄት ሆኖ ሽሮፕ የሚፈስበት ነው፣ ከአይስክሬም ጋር አታምታቱት። ሃንሰንስ ሚባለው ቤት ከ1939 ጀምሮ ራሳቸው በሰሩት ማሽን ነው የሚልጉት፣ ቾፒቱላስ ስትሪት ላይ፣ በክረምት ግን ዝግ ናቸው። ኮንደንስድ ሚልክና ክሬም ያለበትን ትታችሁ የፍራፍሬውን ከወሰዳችሁ የጾም ነው።

በዓርብ አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ከየንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱ፣ እዚህ ኮሜንት ላይ አታምጡብኝ።

ማርዲ ግራ ላይ ሁዳዴ ይገባል?

ብዙ ጊዜ አዎ። ማርዲ ግራ ከነሱ ፋሲካ 47 ቀን በፊት ያለው ማክሰኞ ነው፣ የኛ ሁዳዴ ደግሞ 55 ቀን ነው። ፋሲካችን አንድ ቀን ከዋለ ወይም የኛ በሳምንት ከዘገየ ካርኒቫሉ ጾም ውስጥ ነው። በ2026 ለምሳሌ ሁዳዴ ሰኞ ፌብሩዋሪ 16 ይገባል፣ ማርዲ ግራ በማግስቱ ማክሰኞ ነው። የኛ ፋሲካ በወር ምናምን የሚዘገይበት አመት ከሆነ ግን ነጻ ናችሁ። ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት ካሌንደር እዩ።

የካርኒቫል ሰሞን ኪንግ ኬክ ይሸጣል፣ ከጃንዋሪ 6 እስከ ማርዲ ግራ። ቀረፋ ያለበት ቀለበት ዳቦ፣ ላዩ ሐምራዊ፣ አረንጓዴና ወርቃማ ስኳር፣ ውስጡ ትንሽ የፕላስቲክ ሕጻን። የደረሰው ሰው ቀጣዩን ይገዛል። ልጆች ካሉ ቶሎ እንዳይውጡት አስጠንቅቁ።

ክሮውፊሽ እንዴት ነው የሚበላው?

ትንሽ ሎብስተር የሚመስለው የወንዝ ፍጡር ነው፣ የሚበላ ሰው ካለ ወቅቱ ጸደይ ነው፣ ማርችና ኤፕሪል ላይ ይወፍራል። በፓውንድ ነው የሚሸጠው፣ ከበቆሎና ከድንች ጋር በቅመም ተቀቅሎ ጋዜጣ የተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ይደፋል። ጭራውን ጠምዘዝ አድርጎ መንቀል፣ ጭንቅላቱን መምጠጥ፣ ከዛ የጭራውን ቅርፊት ልጦ መብላት። በእጅ መብላት ለኛ ትምህርት አያስፈልገውም። ጣታችሁን ሳትታጠቡ ዓይን አትንኩ። በቆሎና ድንቹ አብሮ የተቀቀለ ስለሆነ ክሮውፊሽ የማይበላ ሰው እሱንም ባይነካው ነው።

የሀበሻ ቤት አለ?

አለ። ባዩ ሮድ ላይ አዲስ ኖላ የሚባል ምግብ ቤት አለ፣ ሰፈሩ ራሱ የጥቁር ነጋዴዎች መንገድ ነው፣ ጸዳ ያለ፣ ፈረንጁም የሚጎርፍበት። እናትና አባት ይዛችሁ ከሄዳችሁ፣ በተለይ «እንጀራ ካልበላሁ አልጠግብም» የሚል አባት ካላችሁ፣ አንድ ቀን ለሱ መድቡ። ሁሉንም ቀን ግን እዛ አትብሉ ባካችሁ፣ እንጀራ እቤታችሁም አለ።

እውነት መንገድ ላይ እየጠጡ መሄድ ይቻላል?

ይቻላል፣ ፍሬንች ኳርተር (የከተማው አሮጌው ሰፈር) ውስጥ ቢራም ኮክቴልም ይዞ መሄድ ሕጋዊ ነው፣ በፕላስቲክ ኩባያ ከሆነ። ብርጭቆና ጠርሙስ አይቻልም። ከባር ስትወጡ ያልጨረሳችሁትን «ጎ ካፕ» በሏቸው፣ ይገለብጡላችኋል። ብዙ ባር 24 ሰዓት ክፍት ነው። እድሜ 21 ነው፣ አይዲ ያዙ።

የት ልጠጣ ካላችሁ፣ በርበን ስትሪትን አንድ ጊዜ እዩትና ውጡ። ፓት ኦብራየንስ የሚሸጠው ሃሪኬን ጁስ ይመስላል፣ ሩም ነው፣ ጣፋጭ ስለሆነ አይታወቃችሁም፣ ሁለተኛውን ከመድገማችሁ በፊት ተነስታችሁ ቁሙ። አረንጓዴው ሃንድ ግሬኔድ ደግሞ የባሰ ነው። ዳክሪ የሚባለው በበረዶ የተመታ የሩም መጠጥ በመኪና መስኮት የሚሸጥበት አገር ነው፣ ክዳኑ እስከታሸገ ድረስ ይፈቀዳል፣ እየነዱ መጠጣት ግን ያው እስር ቤት ነው።

የከተማው ኦፊሻል ኮክቴል ሳዘራክ ነው፣ በ2008 የሉዊዚያና ምክር ቤት ነው የወሰነው። ራይ ዊስኪ፣ ስኳር፣ ፔይሾድስ ቢተርስ፣ ብርጭቆው በአኒስ መጠጥ ታጥቦ፣ የሎሚ ልጣጭ ላዩ ላይ ይጨመቃል። በረዶ የለውም። አረቄ ለሚያውቅ ሰው የአኒሱ ሽታ አዲስ አይሆንበትም። ሩዝቬልት ሆቴል ያለው ሳዘራክ ባር ውድ ነው፣ አንድ ጠጥቶ ለመውጣት ግን ይገባዋል። ሞንትሊዮን ሆቴል ያለው ካሩሰል ባር ደግሞ ባሩ ራሱ ይሽከረከራል፣ ከ1949 ጀምሮ፣ 25 ወንበር ነው ያለው፣ አንዱ ዙር 15 ደቂቃ ይፈጃል፣ ወንበር ለማግኘት ከቀትር በኋላ ሄዳችሁ መጠበቅ ነው። ሽንት ቤት ሄዶ የተመለሰ ሰው ወንበሩ ከሄደበት ፈልጎ ያገኛል።

ሙዚቃ ለሚፈልግ ፍሬንችመን ስትሪት ነው፣ ከኳርተሩ በእግር ይደረሳል፣ ባንዶቹ የእውነት ይጫወታሉ፣ መግቢያ ባይኖር እንኳ ባልዲው ሲዞር ብር ጣሉ።

አልኮል የማይጠጣስ?

አይከለከልም፣ ባሮቹ ያለ አልኮል ይሰሩላችኋል፣ ሙዚቃውም ያው ነው።

ለአኒቨርሰሪ የሚሆን ቆንጆ ቤት?

ኮማንደርስ ፓላስ፣ ጋርደን ዲስትሪክት፣ የቱርኩዋዝ ቀለም ያለው ትልቅ ቤት። እነ ፖል ፕሩዶምና ኤመሪል ላጋሲ ሼፍ የነበሩበት ነው። በቁምጣና በቲሸርት አያስገቡም። ብልሃቱ በአዘቦት ቀን ለምሳ መሄድ ነው፣ ከማታው በብዙ ይረክሳል፣ ማርቲኒም በ25 ሳንቲም ይሸጣሉ፣ ለሰው እስከ ሶስት። ተርትል ሱፕ የሚባለው የቤቱ ዝነኛ ሾርባ የእውነት ኤሊ ነው፣ ቀድማችሁ እወቁት። ብሬድ ፑዲንግ ሱፍሌውን ምግቡን ስታዙ አብራችሁ እዘዙ፣ ጊዜ ይወስዳል።

እዛ ለመሄድ የሴንት ቻርልስ ስትሪትካርን ያዙ፣ ከ1835 ጀምሮ ያለ መስመር ነው፣ ዋጋው ከሁለት ዶላር አይደርስም፣ በትልልቆቹ የዋርካ መሳይ ዛፎች ስር እያለፈ ነው የሚሄደው፣ ከማንኛውም ቱር ይሻላል።

ቲፕና ገንዘብ እንዴት ነው?

እንደ ሌላው አሜሪካ ከ18 እስከ 20 ፐርሰንት፣ ታክሱ 10 ፐርሰንት አካባቢ ነው። ብዙ ሰው ሆናችሁ ከሄዳችሁ ቲፑ ቢሉ ላይ ቀድሞ ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ ሳታዩ ሁለቴ እንዳትከፍሉ።

መንገድ ላይ አንዱ መጥቶ «ጫማህን ከየት እንዳገኘኸው እነግርሃለሁ፣ እንወራረድ» ካላችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉ። መልሱ «እግርህ ላይ፣ በርበን ስትሪት ነው ያገኘኸው» ነው፣ ከዛ ብሩን አምጣ ይላል።

መኪና ይዤ ልምጣ?

ከሂዩስተን በአይ ቴን 350 ማይል አካባቢ ነው፣ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ መንገዱ ቀላል ነው። መሃል ላይ ላፋየት አካባቢ ነዳጅ ማደያ ሁሉ ቡዳን የሚባል ትኩስ ነገር ይሸጣል፣ ሩዝ ይመስላል፣ ግን የአሳማ ቋሊማ ነው። ኳርተሩ ውስጥ ፓርኪንግ ውድ ነው፣ ሆቴል አቁሙትና በእግር፣ በስትሪትካር፣ ማታ በኡበር ተንቀሳቀሱ። ብዙ ጥሩ ቤቶች ሰኞና ማክሰኞ ይዘጋሉ፣ ስለዚህ ቅዳሜ ያላገኛችሁትን ሰኞ እበላለሁ ብላችሁ እንዳታስተላልፉ፣ ስትነሱ ሰዓቱን ደውላችሁ አረጋግጡ።